የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሲወደድ፦ የት መቆጠብ፣ የት አለመሰሰት

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ በሞተር ሠርቶ ከሚያድር ሰው ጋር ሻይ ከጠጣችሁ ወሬው አንድ ነው። እቃ ተወደደ። እውነታቸውን ነው። አብዛኛው የሞተር መለዋወጫ ከህንድና ከቻይና ነው የሚመጣው፤ የሚገዛውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴውም ነገ መልሶ የሚያስገባበትን ዋጋ አስቦ ነው ዛሬ የሚሸጥላችሁ።

ስለዚህ እዚህ ላይ የዋጋ ዝርዝር አትጠብቁ። ቢጻፍም ሳምንት አይቆይም። የምጽፈው ዋጋው ስንትም ቢሆን የሚሠራ አካሄድ ነው። ከማየው ተነስቼ ስናገር፣ የሞተረኛውን ኪስ በጣም የሚያራቁተው የኦሪጅናል ዋጋ አይመስለኝም። ያልተበላሸ እቃ መቀየር ነው። ግማሹ ሲበቃ ሙሉውን መግዛት ነው። ርካሹን ደግሞ የማይሆን ቦታ ላይ መግጠም ነው።

አንደኛ፦ እቃ ሳትገዙ ጥፋቱን እወቁ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ጋራዥ ስትገቡ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ «ይቀየር» ነው። መካኒኩ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። መቀየር ከመመርመር ይፈጥናል፣ እሱም ሌላ ሞተር ይጠብቀዋል። ምርመራውን ግን እናንተም ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

ፍሪሲዮንን (የኢንጂኑን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውንና የሚለያየውን) እንውሰድ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጧት ድምፅዋ ይጨምራል፣ ፍጥነቷ ግን እዚያው ነው። «ሸራው አልቋል» ይሏችኋል። ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግን የፍሪሲዮን እጀታውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ያለ ምንም ጉልበት መንቀሳቀስ አለበት። ይህ ከሌለ ፊሎው (ከእጀታው የሚሄደው የሽቦ ገመድ) ተወጥሯል፤ ሸራዎቹ እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ አይጨባበጡም። መፍትሔው ማስተካከያውን ማላላት ነው፣ ወጪው ዜሮ። ቀጥሎ ዘይቱን አጣሩ። የአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ለመኪና የተሠራ ዘይት ከገባበት ሸራው ይንሸራተታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል ምልክት ያለውን፣ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራውን ዘይት ሞልታችሁ ሞክሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ ከተንሸራተተ ያኔ ሸራ እንገዛለን።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው የካንዴላም ነገር እንዲሁ ነው። ፈትታችሁ ስታዩት ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። አዲስ ትገዛላችሁ፣ ወር ሳይሞላው ያም ይጠቁራል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ እንጦጦና ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ይብስበታል። ማጣሪያውን አጽዱ፣ የካርቡራቶሩን የአየር ማስተካከያ ብሎን አስተካክሉ፣ አሁንም ካልተሻለ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው። ካንዴላው ጥፋተኛ አልነበረም።

ባትሪ ሲሞትም ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። ቴስተር ካላችሁ ወይም ከጎረቤት ከተዋሳችሁ፣ ሞተሯ ጠፍታ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አስነስታችሁ መጠነኛ ነዳጅ ስትሰጧት ከ13.5 እስከ 14.5 መግባት አለበት። ከዚያ በታች ከቀረ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (የቮልት መቆጣጠሪያው) ባትሪውን እየቀቀለው ነው። በሁለቱም በኩል አዲስ ባትሪ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ሲዲአይ (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያዘው ሳጥን) እና መሰል የኤሌክትሪክ እቃዎች ላይ አንድ ሕግ ይኑራችሁ። ያንኑ ዓይነት ሞተር ካለው ወዳጃችሁ ላይ ፈትታችሁ የእናንተ ላይ ሞክሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የኤሌክትሪክ እቃ አንዴ ከሱቅ ከወጣ የሚመልስላችሁ ነጋዴ ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፦ የሞተሩን ስም ተዉት፣ የእቃውን ቁጥር ያዙ

ዋናው የቁጠባ ሚስጥር ያለው እዚህ ነው። ሞተር አምራቹ ሁሉንም እቃ ራሱ አይሠራም። ኩሽኔታ (ጎማና ዘንግ የሚሽከረከሩበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት)፣ ካቴና (ሰንሰለት)፣ ካንዴላ፣ አምፖል፣ ባትሪ፣ ጎማ በዓለም ላይ በታወቀ ልክና ቁጥር ነው የሚሠሩት። በሞተሩ ስም ስትጠይቁ የስሙን ትከፍላላችሁ። በቁጥሩ ስትጠይቁ የእቃውን።

የፊት ጎማችሁ ኩሽኔታ አለቀ እንበል። አስወጡትና ጎኑን በጨርቅ ጥረጉት። ቅባቱ ሲለቅ በደቃቁ የተቀረጸ ቁጥር ይወጣል፤ 6301፣ 6202፣ 6302 ወይም ሌላ። 6301 ማለት ቀዳዳው 12፣ ውጪው 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው። 6202 ከሆነ 15፣ 35፣ 11። የትም አገር ይሠራ ልኩ ይኸው ነው። ስለዚህ ኩሽኔታ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ሂዱና «6301 አለ?» በሉ። የሞተር ስም አታንሱ። ከቁጥሩ ቀጥሎ «2አርኤስ» (2RS) ካለ በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን አለው ማለት ነው። «ዜድዜድ» (ZZ) ካለ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ኮዬ ፈጬም ሆነ ቡራዩ፣ አስፋልቱን ትቶ ጭቃ ውስጥ ለሚገባ ሰው የጎማ ክዳኑ ይሻላል።

ፓራዮሊ ላይም እንደዚሁ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ የውስጡ ስፋት፣ የውጪው ስፋት፣ ውፍረቱ። ቁጥሩ ከጠፋ ካሊፐር ባለው ሰው አስለኩት። የመኪና እቃ ሻጭ ጋ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ ፓራዮሊ በቀነሰ ዋጋ ማግኘት የተለመደ ነው። የፊት ሹካውን ሲሆን ግን ለሹካ የተሠራውን ግዙ፤ እሱ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሠራ ከንፈሩ ይለያል።

ካቴና ላይ 428 ወይም 520 የሚል አለ። የመጀመሪያው አሃዝ ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ነው የሚናገረው። 4 ከሆነ 12.7 ሚሊሜትር፣ 5 ከሆነ 15.875። የቀሩት ሁለት አሃዞች የስፋቱ ናቸው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ብዙ ሞተሮች 428 ነው የሚይዙት። ከቁጥሩ ሌላ የመገጣጠሚያውን ብዛት ቆጥራችሁ ጻፉ። ካቴናው የሚዞርባቸውን የጥርሶቹንም (ባለ ጥርስ ብረቶቹን) ብዛት፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ እንዲሁም የኋላው ጥርስ የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች ርቀት።

ካቴናው በእርግጥ ማለቁንም በሜትር ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ወጠር አድርጋችሁ ከአንደኛው ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ 428 ካቴና 254 ሚሊሜትር ይመጣል። 259 አካባቢ ከደረሰ አልቋል። ከዚያ በታች ከሆነና ጥርሶቹ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ካልታጠፈ አጥባችሁ፣ ቀብታችሁ ንዱ።

ካንዴላ ስትቀይሩ የቀድሞውን ቁጥር ሙሉውን አንብቡ። የኤንጂኬ ካንዴላ ላይ መሃል ያለው አሃዝ የሙቀት ደረጃው ነው፤ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። ቦሽ ላይ ተቃራኒ ነው። «ያው ነው፣ ይገባል» ሲሏችሁ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ስለገባ ብቻ ያው አይደለም። ጥርሱ ከረዘመ ፒስተን ሊመታ ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ የቻይና ሞተሮች ስማቸው ይለያይ እንጂ ኢንጂናቸው የሆንዳ ሲጂ125ን አሠራር የተከተለ ነው። ፒስተኑ 56.5 ሚሊሜትር ነው። የእናንተ ሞተር ከዚህ ወገን ከሆነ፣ የስሟ እቃ ከገበያ ቢጠፋም ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ፍሪሲዮን ሸራ፣ ካርቡራቶር ከሌላ ስም ታገኛላችሁ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩት። የፒስተን ፒኑን ውፍረትና የጭንቅላቱን ቅርጽ ሳታዩ አትክፈሉ።

ይህን ሁሉ በስልካችሁ አንድ ቦታ መዝግቡት። የኩሽኔታ ቁጥሮች፣ የፓራዮሊ ልኮች፣ የካቴና ቁጥር፣ የጎማ ልክ። አንዴ ከተጻፈ ሞተሯ እስክትሸጥ ይሠራል።

ሦስተኛ፦ ሙሉው ነው ወይስ ከፊሉ?

ሱቅ ውስጥ ነገር የሚሸጠው «ሙሉ ሴት» (ሙሉ ስብስብ) ተብሎ ነው። ሙሉ ፍሪሲዮን፣ ሙሉ ካርቡራቶር፣ ሙሉ ሲሊንደር። እናንተ ግን የሚያስፈልጋችሁ ምናልባት አንድ ሦስተኛው ነው።

ፍሪሲዮን ከሆነ የሚያልቀው ሸራው ነው። በመካከሉ ያሉት የብረት ሳህኖች መስታወት ላይ ሲቀመጡ ካልወላገዱና በሙቀት ካልጠቆሩ ይመለሳሉ። ሞላዎቹን ከአዲስ ጋር አቁማችሁ አስተያዩ፤ ካላጠሩ ይቆያሉ። ሸራ ብቻ ግዙ።

ካርቡራቶር ከሆነ ብዙ ጊዜ የታመመው በቆሻሻ ነው። በተለይ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ፈትቶ ማጠብ፣ ጄቶቹን መንፋት። በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን መብላት ይጀምራል። ጎሚኒዎቹና መርፌው ካለቁ መጠገኛ ኪት ለብቻው ይሸጣል።

ሲሊንደር ሲቦጨር ደግሞ ሬቲፊካ (ውስጡን ፈጭቶ ማስተካከል) አለ። ፒስተን ከመደበኛው በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር ተለቅ እያለ ይሸጣል። ሲሊንደሩ ተፈጭቶ ለትልቁ ፒስተን ይዘጋጃል። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ። መጀመሪያ ፒስተኑን ገዝታችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ ከዚያ ከሲሊንደሩ ጋር ለሬቲፊካ ስጡ። ባለሙያው ፒስተኑን በማይክሮሜትር ለክቶ ነው የሚፈጨው። አስቀድሞ ተፈጭቶ ልኩ ፒስተን ከገበያ ቢታጣ ሲሊንደሩም ሄደ ማለት ነው። ውስጡ በልዩ ማዕድን የተለበጠ ሲሊንደር ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ እነሱ በዚህ መንገድ አይፈጩም። ሳትስማሙ በፊት ባለሙያው ውስጡን ይይላችሁ።

የቡሎን ጥርስ ሲበላ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ሲቀደድ፣ ፖርቶባጋሊዮ (የእቃ መጫኛው) ሲሰበር፣ ራጂ (የቸርኬው ሽቦ) ሲበጠስ ሱቅ አትግቡ። ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት በየሰፈሩ አለ። ፊሎም ቢሆን ቆዳው ደህና ከሆነ ውስጡን ሽቦ ብቻ መቀየር ይቻላል።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ

ፍሬን፣ ጎማ፣ ካቴና፣ የጎማ አክሲል። እነዚህ ላይ «ኖርማሉን ስጠኝ» አይባልም። ካቴና በፍጥነት ላይ ሲበጠስ የኋላ ጎማውን ሊቆልፍ ወይም የኢንጂኑን ቤት ሊሰብር ይችላል። ከዚያ በኋላ የተቆጠበው ገንዘብ ስንት እንደነበር ማን ያስታውሳል?

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው ሞላላ ማኅተም ፈልጉ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል። ዝናብ ላይ፣ ያውም ኮብልስቶን ላይ፣ ይንሸራተታል። ርካሽ የሆነው ለዚህ ይሆናል።

የፍሬን ሸራ ማስለጠፍ የሚሠራ ባለሙያ አለ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ ለኋላው ፍሬን፣ ሥራውን በማውቀው ሰው ከሆነ እሺ እላለሁ። ለፊቱ አልልም።

ዋጋ ስታወዳድሩ በኪሎ ሜትር አስሉት። እንበል አንዱ ካቴና 2,000 ብር ሆኖ 6,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሌላው 3,500 ብር ሆኖ 18,000 ይሄዳል። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 33 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ሁለተኛው 20 ሳንቲም አይሞላም። የመካኒክ እጅ ዋጋ ሦስት ጊዜ ስትከፍሉ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ጥርሱንም ከካቴናው ጋር አብራችሁ ቀይሩ። ያለቀ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላል።

አምስተኛ፦ ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ያገለገለ

ሻጩ «አንደኛ ኮፒ ነው» ሲል ሐቀኛ ነው። ችግር ያለው ኮፒውን በኦሪጅናል ዋጋ የሚሸጠው ጋ ነው። ካርቶኑን አትመኑ፤ ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። እቃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ፊደሉ የተዛባ፣ ቀለሙ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ መልሱት።

ጥርስ ስትገዙ ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ይኑር። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከጥርሱ ጫፍ ላይ አንዴ ሳብ አድርጉት። በደንብ የጠነከረ ብረት ከሆነ ሞረዱ ያንሸራትታል፣ ጭረቱም አይታይም። ለስላሳ ከሆነ ሞረዱ ይነክሳል፤ የሚያብረቀርቅ መስመር ይቀራል፣ ደቃቅ ብናኝም ጣታችሁ ላይ ይወድቃል። ያን ጥርስ ጭቃ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። አንዳንዱ ሻጭ ይቆጣል። የሚቆጣውን ማለፍ ነው።

ኩሽኔታ ከሆነ በጣታችሁ ይዛችሁ ጆሮ ሥር አሽከርክሩት። እርጋታ ያለው፣ ወጥ ድምፅ መስጠት አለበት። ቢንኳኳ ወይም ቢያዝ ተዉት። የፍሬን ሸራ ላይ ሸራውና አልሙኒየሙ የተጣበቁበትን ጠርዝ በጥፍራችሁ ሂዱበት። ክፍተት ካለ ነገ ይላቀቃል።

ያገለገለ እቃ የሚገኘው ከታረደች፣ ማለትም ተፈታታ እቃዋ ከሚሸጥ ሞተር ነው። ማኑቢሪዮ (መሪ)፣ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ ታንክ፣ የጎን ሽፋን፣ ማርሚታ፣ ፖርቶባጋሊዮ፣ የእግር መርገጫ አሮጌ መግዛት ብልህነት ነው። እነዚህ አዲሱ ላይ ያለ አግባብ ይወደዳሉ፣ አሮጌው ደግሞ ያው ሥራ ይሠራል። ቸርኬ ከሆነ አክሲል ላይ ሰክታችሁ አሽከርክሩት፤ ወዲያና ወዲህ ከተወላገደ አይሆንም። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፓራዮሊና ባትሪ አሮጌ አይገዛም፣ በነፃ ቢሰጥም።

የሞተር ቁጥር ያረፈበትን የኢንጂን ቤት ወይም ሻንሲ ያለ ሰነድ አትንኩ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ ለቦሎም ለመንገድ ፍተሻም ጣጣ ነው። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ከሆነማ የተሰረቀ ነው ብላችሁ ያዙ፤ የተሰረቀ እቃ መግዛት በራሱ ያስጠይቃል። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ሱቁ የት እንደሆነ የማይታወቅ ከሆነ በርካሽነቱ አትታለሉ።

ስድስተኛ፦ የት ይገዛ?

ሰፈር ያለው ሱቅ ይወደዳል፣ ግን ቅርብ ነው። ካንዴላ፣ አምፖል፣ ፊሎ ለመሳሰለው መርካቶ ድረስ መሄድ ኪሳራ ነው። ታክሲውንና የጠፋውን የሥራ ቀን ደምሩበት። ከለገጣፎ በመገናኛ ወይም ከሰበታ በአየር ጤና ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ተመልሶ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ልዩነቱ ከግማሽ ቀን ገቢያችሁ ካልበለጠ ከሰፈር ግዙ።

ትልልቁን ግን መርካቶ ነው። ሱማሌ ተራ በመኪና እቃ ስሙ የታወቀ ነው፤ በዚያና በዙሪያው የሞተር እቃም፣ ኩሽኔታም፣ ፓራዮሊም እያጠያየቃችሁ ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን ስለገደበች፣ ፈቃድ የሌለው የዳር ከተማ ሞተረኛ ሞተሯን ይዞ አይገባም። ይህ ነገር አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚያ ቆሞ ገጥሞ መሞከር የለም። አሮጌውን እቃ አጥባችሁ በፌስታል ያዙ፤ የሞተሯን ሞዴልና የተሠራችበትን ዓመት፣ የሊብሬውን ፎቶ፣ የእቃውን ፎቶ ከነቦታው በስልክ ያዙ።

ከሁሉ የሚያዋጣው አብሮ መግዛት ነው። ተራ ላይ አብራችሁ የምትቆሙ ተመሳሳይ ሞተር ያላችሁ አምስት ስድስት ሰዎች ከሆናችሁ፣ የፍሬን ሸራውን፣ ዘይቱን፣ ካቴናውን በአንድ ሰው አስይዛችሁ ላኩ። በካርቶን ስትገዙ የጅምላ ዋጋ ትጠይቃላችሁ፣ የታክሲውንም ትካፈላላችሁ።

የአገር ውስጥ ወኪሉንም አትርሱ። ሰው «እዛማ እሳት ነው» ብሎ ሳይጠይቅ ይተወዋል። ደውላችሁ ዋጋ ጠይቁ። ቢያንስ የኦሪጅናሉን ዋጋ አውቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ መርካቶ ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ በግማሽ ዋጋ የቀረበው ምን እንደሆነም ይገባችኋል።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ አሉ። ዋጋ ለማወዳደር ጥሩ ናቸው። እቃውን ሳታዩ በቴሌብር «ቀብድ» አትላኩ።

ሰባተኛ፦ ድርድር

አነጋገራችሁ ዋጋ ይወስናል። እንዲህ ብትሉ፦

«ወንድሜ፣ የቦክሰር እቃ አለህ?»

ሻጩ ምንም እንደማታውቁ ገባው። እንዲህ ብትሉስ፦

«ወንድሜ፣ 428 ካቴና ፈልጌ ነበር። ከጥርሱ ጋር። ምን ምን ዓይነት አለህ?»

«ኦሪጅናል አለ፣ ኖርማልም አለ።»

«ሁለቱንም አሳየኝ እስቲ። የመጨረሻ ስንት ስንት ናቸው?»

አሁን ሁለት እቃ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሁለት ዋጋም ተጠርቷል። አትቸኩሉ፣ አመስግናችሁ ሦስት ሱቅ ዙሩ። የመጀመሪያው ዘንድ ከተመለሳችሁ «እዚያ ጋ ይህን ያህል ብሎኛል፣ ደንበኛ አድርገኝ» ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት «ካልገጠመ እመልሳለሁ» ተባባሉና ደረሰኙ ላይ የእቃውን ቁጥርና ቀኑን አስጽፉ። ማሸጊያውን ሳትገጥሙ አትጣሉ። ቅባት የነካውን የሚመልስ የለም።

መካኒካችሁ «እኔ ላምጣልህ» ሲል ብዙ ጊዜ ከሱቁ የሚያገኛት ነገር አለች። ክፉ አይደለም፤ ለመሄድ ለመምጣቱም ድካም አለው። ብቻ በግልጽ ተነጋገሩ። «የእጅህን በደንብ እከፍልሃለሁ፣ እቃውን እኔው አመጣለሁ» በሉት። አንዳንዱ «በራስህ እቃ ዋስትና የለኝም» ይላል፤ ተገቢ ነው። የተቀየረውን አሮጌ እቃ ግን ሁሌም ተቀበሉ። መቀየሩንም ታረጋግጣላችሁ፣ ቁጥሩንም ታነቡበታላችሁ።

ስምንተኛ፦ እቃው እንዲቆይ

ክረምት ላይ ካቴና የሚጨርሰው ጭቃና አሸዋ ነው። ማታ ስትገቡ ውሃ አፍስሱበት፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሲደርቅ የካምቢዮ (የማርሽ) ዘይት በስሱ ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። የተቃጠለ የኢንጂን ዘይት የሚቀባ ብዙ ነው፤ ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ አልወደውም። መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱት ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ይጫወት። ከዚህ ከጠበቀ ካቴናውንም ኩሽኔታውንም ይገድላል።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ከዚያም በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይመለሳል። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጪ ይነፋል ወይም ይቀየራል። የቤንዚን ማጣሪያ ከሁሉም እቃ ርካሹ ነው፣ ከታንኩ ሥር አንድ ይኑር።

ከወንበሩ ሥር ደግሞ አንድ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ፊሎ፣ ፊውዝና የካቴና ማያያዣ ያዙ። ሞተር ካራ ዳገት ላይ ስትቆም፣ ቅርብ ያለው ሱቅ የሚጠራው ዋጋ የእናንተን ጭንቀት አይቶ ነው። ማያያዣውን ራሳችሁ ስትገጥሙ ክሊፑ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። ክፍቱ ጫፍ ከቀደመ አንድ ድንጋይ ነክቶት ይወልቃል።